ጀርባው የተጣፈ ሸሚዝ

ቨርዲን ክላሰን ምላሷ የተሳለ ሴት ናት። ኦርዊን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ አውሮፕላን አያበርም፣ ወይ ትናንት ነው ከተማዋ የገባው። የማዘጋጃ ቤቱን ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ሠላሳ ዓመት ግድም ስታስተዳድር፣ በቢሮዋ መስኮት ፊት ለፊት ካረፉት ሁሉ ከአፏ ያመለጠ የለም። ለስለስ አድርጎ ያረፈውን ዝም ትለዋለች፤ እሱ ምርቃት ነው። እያነጠረ ያረፈውን ግን ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ቢሮ እስኪገባ እጇን አጣምራ ትጠብቀዋለች።

«የትኛዋን ማረፍ ነው የምንቆጥርልህ?» ትለዋለች። «የመጀመሪያዋን ነው ወይስ የመጨረሻዋን? መሃል ላይ ያለችው እንኳ ደህና ነበረች።»

ሰውየው ጠበቃ ይሁን፣ የከብት ሐኪም ይሁን፣ ከዴንቨር የመጣ ሀብታም ይሁን፣ ለእሷ ልዩነት የለውም። የልቧን ተናግራ ስታበቃ ቡና ትቀዳለታለች። ቡናው መጥፎ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ ላይ ሲንጨረጨር የዋለ ነው፤ ቢሆንም ተቀድቶለት የተወው ሰው አላየንም። እንግዳው ርቦኛል ካለ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን መኪና ቁልፍ ትወረውርለታለች። መኪናዋ ድሮ የፖሊስ ነበረች፤ በሯ ላይ የነበረው ኮከብ ቀለም ቢቀባበትም እስከ ዛሬ ያጮልቃል። ስምህ ማነው፣ መቼ ትመለሳለህ የሚል የለም። ከተማ ገብተህ ቺሊ ሾርባህን በቀረፋ ዳቦ ብላ፣ ስትመለስ ነዳጅ ጨምርባት፣ በቃ። አውሮፕላኑን ጥሎ አሮጌ መኪና ሰርቆ የሚጠፋ ሌባ ኔብራስካ ውስጥ ገና አልተወለደም።

የመቆጣጠሪያ ማማ የሚባል ነገር የለንም። የሚመጣው ሰው በሬዲዮ መምጣቱን ይናገራል፣ ቨርዲን ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ትነግረዋለች። መልስ ካጣ፣ ቨርዲን ትራክተሩ ላይ ሆና የማኮብኮቢያውን ዳር ሣር እያጨደች ነው ማለት ነው፤ ያኔ የራሱን ዓይን ተጠቅሞ ይረፍ።

ቢሮዋ ውስጥ አንድ ሰሌዳ አለ። እሱን እንኳን ሰው ዝንብ እንዲነካባት አትፈልግም። ሰሌዳው ላይ የተቸነከሩት የሸሚዝ ጀርባዎች ናቸው፦ ዳማው፣ ሰማያዊው፣ ጂንሱ፣ አንድ የቄስ ጥቁር ሸሚዝም አለ። ነገሩ በአብራሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ ሲመለስ፣ አስተማሪው መቀስ ይዞ ይጠብቀውና የለበሰውን ሸሚዝ ከጀርባው ላይ ይቆርጥበታል። ድሮ አስተማሪው ከኋላ ተቀምጦ የተማሪውን ሸሚዝ እየጎተተ ነበር የሚያስተምረው ይባላል፤ ብቻውን የበረረ ሰው እንግዲህ የሚጎተት ጀርባ አያስፈልገውም። ቁራጩ ላይ ስምና ቀን ተጽፎበት ይሰቀላል። ቀኑ ደግሞ ለተማሪው አስቀድሞ አይነገርም። አስተማሪው ድንገት አቁም ይልና ይወርዳል፣ በሩን ይዘጋል፤ ያኔ ነው የሚታወቀው።

በሰሌዳው የላይኛው ግራ ጥግ ያለው አረንጓዴ ዳማ የሜርሊን ነው፤ የባሏ።

ቨርዲን በዚያ ቁራጭ የተነሳ ነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የተዋወቀችው፤ የተዋወቀችውም በጠብ ነው። ያኔ ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ሜርሊን ክላሰን በቆሎ የሚዘራ፣ ከብት የሚያረባ፣ ረጅምና ሳቂታ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ማታ ጥርሱን ፈልቅቆ እቤት ሲገባ፣ ለልደቱ ብላ የገዛችለት አዲስ ሸሚዝ ጀርባ የለውም። ማሽን የያዘው መስሏት ጮኸች። አገላብጣ ደም ፈለገች። ደም ስታጣና ነገሩን ሲነግራት ግን የጭነት መኪናውን ቁልፍ አንስታ ወጣች።

አስተማሪው ሃርላን ዶርን ያኔ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበር። ቢሮው በር ላይ አገኘችው።

«አንተ ነህ የባሌን ሸሚዝ የቆረጥከው?»

«እኔ ነኝ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ደህና ሸሚዝ ነበር እኮ! ጤነኛ ሰው ደህና ሸሚዝ ይቆርጣል?»

«ልማድ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ልማድህን የራስህ ሸሚዝ ላይ አታደርገውም ነበር? በል ቁራጩን አምጣ፣ ልስፋው።»

«እሱማ አይሆንም» አለ ሃርላን። «አንዴ ግድግዳ ላይ ከወጣ አይወርድም።»

ገብታ አየችው። እውነትም ተቸንክሯል። ይባስ ብሎ የተቆረጠው ጠማማ ነው፤ ሜርሊን እየሳቀ ሲንፈራገጥ መቀሱ ስቶ፣ ከግራ በኩል ጠርዙ እንደ ደረጃ ሆኗል። ሃርላን ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ እሷ ስትቆጣ እሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀባት። ወጥታ ልትሄድ ስትል ከኋላዋ ጠራት።

«ስሚ፣ አንቺም ነይና ተማሪ። እንዲህ የሚቆጣ ሰው አውሮፕላን አይፈራም።»

መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ቃሉ ግን ከልቧ አልወጣም።

እቤት ገብታ ሸሚዙን ለመጣል እጇ እምቢ አላት። ቨርዲን የድሃ ገበሬ ልጅ ናት፤ እናቷ የዱቄት ጆንያ እየፈታች ፎጣ ታደርግ ነበር። አንድ የጠበባት ሰማያዊ ቀሚስ ነበራት፣ ትንንሽ ቢጫ አበቦች ያሉበት። ከእሱ ቀደደችና ያንኑ ጠማማ ደረጃ ተከትላ የሸሚዙን ጀርባ ጣፈችው። ሜርሊን ያለምንም ሐፍረት እየለበሰ ገበያ ወጣበት። የሚስቁበትን ሰዎች «ከፊት እኔ ነኝ፣ ከኋላ ሚስቴ ናት» ይላቸው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ አንድ አሮጌ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ገዛ። ላሞቹ መስክ ላይ ሳሉ የላሞቹን ዋጋ ሰማይ ላይ ሰቀለው። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት የደረሰው እኛ ከተማ ነው። ቨርዲን ግን አልተቆጣችም፤ አንድ ነገር ተስፋ አድርጋ ነበር።

«ከመኸር በኋላ አንቺ ትማሪያለሽ» አላት ሜርሊን።

መኸሩ አለቀ፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች። በሚቀጥለው ዓመትም «ከመኸር በኋላ» አለ፤ ድርቅ ሆነ። ደግሞ ሌላ መኸር፣ ደግሞ ሌላ ልጅ፣ ደግሞ ጣሪያ የሚያስቀይር በረዶ። ሜርሊን ክፉ ሰው አልነበረም። ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ ነበር፣ ሲረሳውም ከልቡ ነበር። ትንሹ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሲገባ የአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ ክፍት ሆነና ቨርዲን ያዘችው። ምነው አትበሪም ሲሏት «ሰማዩን እሱ ይያዘው፣ ምድሩ ይበቃኛል» ትላለች። ውሸቷን ነበር።

ሜርሊን የሞተው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። እህል ማጨጃው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ። የመጨረሻውን መስመር አጭዶ ጨርሶ ነበር፤ መኸሩ አልቆ ነበር ማለት ነው።

ቨርዲን አለቀሰች፤ ማልቀሱ ሲወጣላት ደግሞ ተናደደች። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው፤ እሷ ግን ወቀሰችው። ወጥ ቤት ቆማ፣ ባዶ ወንበሩን እያየች፣ ያለፈውን መኸር ሁሉ አንድ በአንድ እየቆጠረች ወቀሰችው። ልብሱን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ ያን ጀርባው የተጣፈ ሸሚዝ ግን አስቀረችው። ሣር ስታጭድ ትለብሰዋለች።

ዘንድሮ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ ሃርላን ዶርን ቢሮዋ ተቀምጦ መጥፎ ቡናውን ሲጠጣ ከፊቱ ቆመች።

«አስተምረኝ» አለችው።

«ከጠየቅሁሽ ስንት ዘመኑ ነው! ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ሣር ሳጭድ» አለች።

እንግዲህ ቨርዲን ናትና ነገሩ ሁሉ ቶሎ ገባት። መነሳቱ፣ መዞሩ፣ ሬዲዮው፣ ወረቀቱ፣ ፈተናው፣ የሐኪም ምርመራው፤ ሁሉንም በሚገባ ተወጣችው። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት፤ ማረፍ። ሌላውን ሁሉ ዘመኗን ስትተችበት የኖረችው ማረፍ! መሬት ልትነካ ስትል ዓይኗ አፍንጫዋ ሥር ያለው አስፋልት ላይ ይተከላል፣ ደረስኩ ብላ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቶሎ ቀና ታደርጋለች፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ ይንሳፈፍና ጧ ብሎ ይወድቃል፤ ይነጥራል፣ ደግሞ ይነጥራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ ከነጠረ በኋላ ምን ያደርጋል?

ከተማው ምን ያህል እንደተደሰተ መናገር ይከብዳል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እያለች የኖረች ሴት ተራዋ ደረሰ። ጡረተኞቹ ገበሬዎች ወንበራቸውን ከቢሮ አውጥተው በር ላይ ደረደሩ። ሮይስ ደግሞ፣ በአውሮፕላን በቆሎ ላይ ፀረ ተባይ እየረጨ የሚኖረው፣ ራሰ በራው ባለጌ፣ ከካርቶን ላይ ትልልቅ ቁጥር ጽፎ መጣ። ቨርዲን ባረፈች ቁጥር ካርቶን ከፍ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ «ሁለት» ነበር።

«ከአስር ነው?» ትለዋለች ስታልፍ።

«ከመቶ ነው እሜቴ» ይላታል።

እሷም ትስቃለች። ውስጧ ግን አይስቅም ነበር፤ ጊዜው እያለቀባት ነው። ሃርላን ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ዳሌው ታሟል፣ ሴት ልጁ አሪዞና ቤት አዘጋጅታለታለች፣ በረዶ ከመውደቁ በፊት ጠቅልሎ ሊሄድ ነው፤ የሚሄደውም ቅዳሜ። ማስተማሩንም ያበቃል። ሌላ አስተማሪ ሩቅ ከተማ አለ፤ ፈቃድ ያለው፣ ጨዋ፣ እንከን የማይወጣለት ወጣት። ቨርዲን ግን ሌላ አትፈልግም። የሜርሊንን ሸሚዝ የቆረጠ እጅ የእሷንም እንዲቆርጥ ትፈልጋለች። ይህን ለሰው አልተናገረችም፤ ሃርላን ግን ሳያውቅ አይቀርም።

ለመቀሱ ተዘጋጅታ ነበር። ደህና ሸሚዝ ሲቆረጥ ማየት ዛሬም ያማታል፤ ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ የአሮጌ ልብስ ሽያጭ አንድ ብርቱካናማ፣ በቀቀን የተሳለበት፣ ዓይን የሚያሳምም ሸሚዝ ገዛች። ትምህርት ባላት ቀን ሁሉ እሱን ትለብሳለች። በጋውን ሙሉ ለበሰችው። ሃርላን አንድም ቀን አልወረደላትም።

ሐሙስ ጠዋት ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል ተባለና ትምህርቱ ቀረ። ቨርዲን የሜርሊንን ሸሚዝ ለብሳ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ትራክተሩ ላይ ወጣች። ነገ ዓርብ ነው፤ የቀራት እሱ ብቻ ነው። እያጨደች ሳለ ቀና ስትል፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው ብርቱካናማ ከረጢት ምሰሶው ላይ ዝልፍልፍ ብሏል። የተባለው ነፋስ የት እንደቀረ አይታወቅም። ሃርላን በትሩን ተመርኩዞ በሣሩ ላይ እየመጣ ነው።

«ውረጂ» አላት።

«ግማሹ አልታጨደም እኮ።»

«ሣሩ ይጠብቅሻል። እኔ ግን አልጠብቅሽም።»

ሦስት ጊዜ አብረው ዞሩ። ሁለቴ ነጠረች። ሃርላን ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጣት ነበር፤ ዛሬ ግን «ድገሚው» ብቻ አላት። ሦስተኛው ላይ ገና ከፍ ብላ ሳለች አፍንጫውን ቀና አደረገችው፣ ግን አውሮፕላኑ ሳይወድቅባት ያዘችው፣ ደህና አረፈች። ቀስ ብላ ወደ ቢሮው ስትጠጋ ሃርላን እጁን አነሳ።

«እዚህ ጋ አቁሚ። ዳሌዬን አመመኝ፣ ልውረድ።»

ቨርዲን ክው አለች።

«ሃርላን፣ ዛሬ አይሆንም። ሁለቴ ነጥሬያለሁ።»

«ሦስተኛዋን አልነጠርሽም።»

«ስለምትሄድ ነው? አዝነህልኝ ከሆነ፣ ስማ፣ ተቀመጥ። እንዲህ አድርገህ የምትሰጠኝን አልፈልግም።»

ሃርላን አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ዞሮ አያት።

«በዚህ ወንበር ላይ ሰው አዝኜለት ወርጄ አላውቅም። አዝኜ ብወርድ ኖሮ መቃብር ቤት በሞላ ነበር። አሁን ስሚኝ። መሬቱን አትዪው። መሬቱ የትም አይሄድብሽም። አሻግረሽ የከተማውን የእህል ጎተራ ጫፍ እዪ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።»

በሩን ዘጋ። የሚደገፍበት ትራስ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ቨርዲን ከማኮብኮቢያው ጫፍ ደርሳ ሬዲዮውን ያዘች። ሠላሳ ዓመት መልስ ሰጪዋ እሷ ነበረች፤ አሁን ቢሮው ውስጥ ማን አለና ይመልሳል? ቢሆንም ልትነሳ መሆኗን ተናገረች። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ነፋስ የለም እሜቴ» አለ የሮይስ ድምፅ። «መንገዱ ሁሉ ያንቺ ነው።»

«ከወንበሬ ላይ ተነስ!»

«ይመቻል፣ አልነሳም። በረሽ ነይና አስነሺኝ።»

ሳቀችና ሞተሩን በሙሉ ጉልበቱ ለቀቀችው። ሃርላን ስለሌለበት አውሮፕላኑ ቀሎ፣ ከለመደችው ቦታ ቀድሞ ተነሳ። ያላሰበችው ነገር ስለሆነ ጮኸች፤ የደስታ ጩኸት ነው። በቆሎው ከሥሯ ተዘረጋ፣ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ከወንዙ ማዶ የራሳቸው እርሻ ታየ፣ ቤቱ፣ ቀዩ የከብት በረት፣ ሜርሊን የሞተበት ማሳ። ማሳው ገና አልታጨደም።

«መኸሩ ገና ነው፣ ሜርሊን» አለች ጮክ ብላ። «አልጠበቅኩህም።»

ዞራ ለማረፍ ስትመጣ ግን እንዳመሏ ዓይኗ አስፋልቱ ላይ ተተከለ። ቶሎ ቀና አደረገችው፤ አውሮፕላኑ ተንሳፈፈ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ከመስኮት ሆና ስንቱን አይታ ስቃበታለች። ሳትጠብቀው ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሰጠችና ተመልሳ ወደ ሰማይ ወጣች።

ሬዲዮው ጸጥ ብሏል። ሮይስ አይቀልድም። እሷን ከመንሳፈፉ ይልቅ ያስፈራት ይህ ዝምታ ነው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ቁጥር የምጽፍበት ካርቶን አለቀብኝ» አለ ሮይስ። ድምፁ ግን ትንሽ ቀጥኗል። «ይልቅ ጎበዝ ነሽ፣ በጊዜ ነው የወጣሽው። ሽማግሌው ጎተራውን እዪ በላት ይላል።»

«ጎተራውን አያለሁ በለው።»

ትከሻዋ ላላ። በሁለተኛው ስትመጣ ጎተራውን አየች። ከከተማው ጫፍ የቆመውን፣ ነጩን፣ ረጅሙን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷ ስንዴ ያስገባበት የነበረውን ጎተራ እያየች፣ አስፋልቱ በዓይኗ ዳርና ዳር እንደሚሰፋ ተሰማት። ዓይኗን አልመለሰችም። ጠበቀች። ከዚያም ጠበቀች። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ጭረት የመሰለ ድምፅ ብቻ ሰማች፤ ነክተው እዚያው ቀሩ።

በሬዲዮው ምንም አልተባለም። ቨርዲን ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ራሷ ለስንቱ የሰጠችው ነው። ልማዱ ሦስት ጊዜ ማረፍ ነውና ሁለት ጊዜ ደገመችው። የመጨረሻው ላይ ትንሽ ነጠረች፤ ግድ አልሰጣትም።

ሞተሩን አጥፍታ ስትወርድ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር። ሮይስ ከቢሮ ሮጦ ወጥቷል፤ የያዘው ካርቶን ላይ «ዘጠኝ» ይላል። ሃርላን ከሰሌዳው ሥር ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለውን ትልቁን የልብስ ሰፊ መቀስ ይዞ መጣ።

«በይ ዙሪ» አላት።

የለበሰችው ትዝ ያላት ያኔ ነው።

ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። «ቆይ። መኪናዬ ውስጥ ሌላ አለ፣ በቀቀኖቹ ያሉበት። ለብሼው ልምጣ።»

«አይቻልም!» ጮኸ ሮይስ። «የበረርሽበት ነው የሚቆረጠው!»

ልክ ነው። ይህን ሕግ ዕድሜ ልኳን ያስከበረችው ራሷ ናት። አምና አንድ የባንክ ሰው ውድ ሸሚዙን ሊያወልቅ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሾልክ በሩ ላይ ቆማ የመለሰችው እሷ ናት። ሁሉም ይህን አስታውሰው ይስቁ ጀመር።

«የሜርሊን ነው» አለች ቨርዲን።

ሳቁ ቆመ። ሮይስ ካርቶኑን ዝቅ አደረገ። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ እንደ ልጅ ቆመች። ስትመኘው የኖረችው ነገር እጇ ገብቷል፣ ዋጋው ደግሞ ከባሏ የቀራት አንድ ልብስ ነው። የማትከፍለው ዋጋ ነበር። ሰሌዳው ይቅርብኝ ልትል አፏን ከፈተች።

ሃርላን ግን መቀሱን አላስቀመጠም። እያነከሰ ከኋላዋ ዞረ። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና የሸሚዙን ጀርባ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ሰማያዊው ጨርቅ ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል፤ ቢጫዎቹ አበቦች ግን ይታያሉ። ጣቱን በስፌቱ ላይ እየነዳ ሄደና በግራ በኩል፣ ደረጃዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺን ጠማማ እኔ ነኝ የቆረጥኳት» አለ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለች ቨርዲን፣ ሳትዞር።

«የሜርሊንን ድርሻ እንግዲህ ያኔ ወስጃለሁ። እዚያ ተሰቅሏል። ሁለቴ አልወስድበትም።» መጣፊያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይሄ የማን ቀሚስ ነው?»

«የኔ።»

«እኮ!» አለ ሃርላን።

ጨርቁን አልቆረጠም። በመቀሱ ጫፍ ክሩን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ዓይኑ ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሮይስ ላግዝህ ሊለው ጠጋ ብሎ ነበር፣ ሃርላን በክርኑ መለሰው። ቨርዲን ጀርባዋን ሰጥታ፣ የእህል ጎተራውን እያየች አለቀሰች። እንባዋን አልጠረገችም፤ አላፈረችበትም።

ቁራጩ ሙሉውን ወጣ። ስሟንና ቀኑን ራሷ ጻፈችበት፣ ሃርላን ከአረንጓዴው ዳማ ጎን ቸነከረው። ሁለቱም በግራ በኩል ያችኑ ደረጃ ይዘው፣ ከአንድ ቦታ የመጡ መሆናቸው ለማንም ግልጽ ሆኖ ጎን ለጎን ዋሉ።

«አንድ ሸሚዝ ለሁለት ሰው!» አለ ሮይስ ዓይኑን እያሻሸ። «ስስታም መሆንሽን አውቅ ነበር፣ እስከዚህ ግን አልመሰለኝም።»

«አንተ ገና ከወንበሬ ላይ የበላኸውን ቂጣ ፍርፋሪ ትጠርጋለህ» አለች ቨርዲን። ምላሷ ተመልሶላት ነበር።

ሃርላን እስከ ትራክተሩ ድረስ ሸኛት። ግማሹ ሣር እየጠበቃት ነው። ከደቡብ በኩል የተባለው ነፋስ አሁን ገና መምጣት ጀምሯል፤ ከረጢቱ ምሰሶው ላይ ይነቃነቃል።

«ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ ደግሞ ትጥፊዋለሽ» አላት ሃርላን። «አውቅሻለሁ።»

ቨርዲን ወጥታ ተቀመጠች፣ ሞተሩን አስነሳች። ነፋሱ በተከፈተው ጀርባዋ ገብቶ የሜርሊንን ሸሚዝ ነፋው።

«አልጥፈውም» አለችው። «ከእንግዲህ የሚጎተት ጀርባ አያስፈልገኝም።»